የእማማ አመተ ጊዮርጊስ ብሎን

ልጄ ማኅሌት ቪዲዮውን የላከችልኝ በየካቲት ወር አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው። ከሥሩ «ይኸው ማሽኔ» ብላ ጽፋለች። ከእሷ መልእክት በመጣ ቁጥር መጀመሪያ የማስበው ሞትን ነው፤ አንድ ነገር ደርሶባት፣ ያነሳት ሰው በስልኳ የጻፈልኝ ይመስለኛል። ባለቤቴ አረጋ «አንቺ እኮ ደመና ሳይታይ ጎርፍ የምትሻገሪ ሴት ነሽ» እያለ ይስቅብኛል። እሱ አስጎብኚ ነው። እንግዳ ጨርሶ በጠፋባቸው ዓመታት እንኳ ነገ ይመጣል እያለ ጠዋት ጠዋት ጫማውን ሲወለውል የኖረ ሰው ነው። እኔ እንደዚያ አልተፈጠርኩም።

ቪዲዮው ላይ ሰው የለም። ቁም ሳጥን የሚያህል ብረት አለ፤ መካከሉ ላይ አንድ ነጭ የጭን አጥንት ቆሟል። የእውነት አጥንት አይደለም። እንደ ስፖንጅ ካለ ነገር የተሠራ፣ የአሮጊት አጥንት ያህል እንዲደክም ተደርጎ የተዘጋጀ ነው ብላኛለች። በአጥንቱ ራስ ውስጥ ወፍራም ብሎን ገብቷል። ከላይ ያለው ክንድ ወርዶ ይጫነዋል፣ ይለቀዋል፤ ወርዶ ይጫነዋል፣ ይለቀዋል። ጎኑ ላይ ቁጥር ይጨምራል። አንድ ጊዜ ወርዶ መነሳቱ አንድ እርምጃ ነው። ለዓይን ግን እርምጃ አይመስልም። ጎንበስ ብሎ ቀና የሚል ነገር ነው የሚመስለው፣ ያውም ማንም በሌለበት ክፍል ውስጥ።

ስልኩን ገልብጬ አስቀመጥኩት። ድምፁ ግን ቪዲዮው እስኪያልቅ ከሥሩ ይሰማኝ ነበር።

ማኅሌት የሕክምና መሣሪያዎች ምህንድስና የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ናት። የመመረቂያ ሥራዋ የዳሌ ስብራት የሚጠገንበት ብሎን ምን ያህል ሸክም እንደሚችል መፈተን ነው። ለምን ይህን እንደመረጠች ላሊበላ ውስጥ የሚያውቀን ሰው ሁሉ ያውቃል። አያቷን፣ የአረጋን እናት እማማ አመተ ጊዮርጊስን፣ የገደላቸው ብረት ነው ተብሎ ነው ያደገችው። ያኔ አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። ለቅሶ የመጣው ሁሉ «ብረቱ ከዳቸው» ሲል ሰምታ፣ ብረት ለምን ሰው ይከዳል ብላ ጠየቀችኝ። አልመለስኩላትም። እሷ ጥያቄውን ይዛ አደገች።

ብረቱ አልከዳቸውም። ከምድር በላይ ካለነው ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ ብዬ ነበር የምኖረው።

እማማ የወደቁት በሁለት ሺህ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ መጋቢት መግቢያ ላይ፣ በዐቢይ ጾም ነው። ከቅዳሴ ሲመለሱ ዓለቱ ተፈልፍሎ በወጣው ደረጃ ላይ አዳለጣቸው። በጋሸና አድርገን ደሴ ወሰድናቸው። መኪናው በዘለለ ቁጥር የነጠላቸውን ጫፍ ይነክሳሉ እንጂ አንድ ቃል አላወጡም። ያከሟቸው ዶክተር ሐምዳን የሚባሉ ሐኪም ናቸው። ወፍራሙን ብሎን በአጥንቱ ራስ ውስጥ አስገብተው፣ ከጭኑ ጎን በብረት ሳህን አሠሩት። ከቤተሰቡ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩት እኔ ስለነበርኩ ራጁን ለእኔ አሳዩኝ፤ ወረቀቱንም ለእኔ ሰጡኝ። ሦስት ወር ሙሉ በዚያ እግር ላይ ክብደት እንዳያርፍ አሉ። ከዚያ ወደ እማማ ዞረው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«እማማ፣ ሕማማት እየመጣ ነው። ጎረቤቶቼ ክርስቲያን ናቸው፣ አውቀዋለሁ። እኛም ዘንድ የታመመ ሰው ቁጭ ብሎ ነው የሚሰግደው። እንዳይሰግዱ።»

እማማ ሳቁ። «አንተ ደግሞ የኔን ስግደት ማን ነገረህ?» አሏቸው። የዶክተሩን እጅ ግን ይዘው ሳሙት።

አረጋ እስከ ዛሬ የሐምዳንን ስም አይጠራም። «ያ ሰውዬ» ነው የሚለው።

ቪዲዮው በመጣ በሳምንቱ ማኅሌት ደወለች። አማካሪዋ የአያቷን ታሪክ በጽሑፉ ውስጥ እንድታስገባ ፈቅዶላታል፤ የሚሞላ ቅጽ አለው። ብሎኑ በለቀቀበት ሳምንት ታማሚዋ ምን ያደርጉ ነበር? በቀን ስንት ጊዜ ይነሱ ነበር? ወድቀዋል ወይ? አጠገባቸው የነበርኩት እኔ ስለሆንኩ መላሿ እኔ ነኝ። ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ አልጋ፣ በቀን ሦስት ጊዜ፣ በመደገፊያ፤ አልወደቁም አልኳት። የምትጽፍባቸው ቁልፎች ድምፅ ይሰማኛል። ከዚያ ቆመ።

«ሌላስ?» አለች።

«ሌላ የለም።»

እሷም ማሽኑን በነገርኳት ልክ አስተካከለችው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ስትደውል ድምፅዋ ውስጥ ደስታ ነበረ። ማሽኑ መቶ ሺህ ጊዜ ተጭኖት አጥንቱ ምንም አልሆነም። በሦስት ጊዜ መነሳትና መቀመጥ እንኳን በስድስት ሳምንት በስድስት ዓመትም አይለቅም አለችኝ። ስለዚህ ወይ ብሎኑ የተበላሸ ነበር፣ ወይ በትክክል አልገባም። ዶክተር ሐምዳን አሁንም እዚያው እንደሚሠሩ፣ ወጣት ሐኪሞችን እንደሚያስተምሩም አጣርታለች። ሥራዋ ሲያልቅ አማካሪዋ ከደብዳቤ ጋር ለሆስፒታሉ ይልከዋል።

«ስማቸውም ይጻፋል?» አልኳት።

«መጻፍ አለበት እማዬ። ስንት አሮጊት ነው በእጃቸው የሚያልፈው?»

ስልኩን ዘግቼ በጓሮ በኩል ያለውን የእማማን ክፍል በር ይዤ ቆምኩ። አረጋ አንድ ጊዜ ለእንግዳ ሊያከራየው ፈልጎ ጣሪያው ያፈሳል ብዬው ነበር። አያፈስም። ማታ እገባበታለሁ፤ እህል ላወጣ፣ ብርድ ልብስ ልፈልግ እገባለሁ፤ ማታ ምንም የለም። በቀን ነው። ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ፣ ፀሐይ በትንሿ መስኮት ገብታ ወለሉ ላይ ከተዘረጋች በኋላ አልገባም። ከበሩ ውጭ ስቆም ይሰማኛል። ጉልበት፣ እጅ፣ ግንባር። ዝምታ። ጉልበት፣ እጅ፣ ግንባር። ያ ነገር ሲሆን እኔ ቤት አልነበርኩም፣ አልሰማሁትም። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የምሰማው ያን ያልሰማሁትን ነው።

ለማኅሌት ደውዬ እነግራታለሁ እያልኩ ሳምንት አለፈ፤ ከዚያ ፋሲካ መጣና ሄደ። ግንቦት ሲገባ ከቅዳሴ በኋላ ማስታወቂያ ተነገረ። ከከተማው በላይ ያለችው የሰበካችን ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ልትሠራ ነው። ክረምት ሳይገባ በሰሜን በኩል ያሉት መቃብሮች ይነሳሉ፤ ዘመድ ያለው መጥቶ አፅሙን ይረከብ ተባለ። እማማ ያሉት በሰሜን በኩል ነው። አረጋ ይህን ለልጁ በደስታ ነገራት። የፈለገችው ብሎን ራሱ ሊወጣላት ነው። ማኅሌት በማግሥቱ ተነሳች። ከወልድያ ወዲህ ያለውን ጠመዝማዛ በሐሳቤ አንድ በአንድ አብሬያት መጣሁ፤ በእያንዳንዱ ላይ ሚኒባሱ ተገለበጠ። በሰላም ገባች።

ጉድጓዱን የቆፈረው ሙሉሰው የሚባል የሰበካችን ሰው ነው። አፈሩን በእጁ ገለል ሲያደርግ የብረቱ ጫፍ አንጸባረቀ።

«እማማ አመተ ጊዮርጊስማ ብረት ታጥቀው ነው የተኙት» አለ። «ለትንሣኤ ቀን ከሁላችንም ቀድመው ነው የሚቆሙት።»

ሰው ሳቀ። አረጋም ሳቀ፤ እየሳቀ ዓይኑን በነጠላው ጠረገ።

እኔ ዝገት እየለመንኩ ነበር የሰነበትኩት። ተበልቶ፣ ተሰብሮ፣ ቀልጦ ባገኘው ብዬ ለምኜ ነበር፤ ለእንደዚህ ያለ ነገር መለመን ይቻል እንደሆነ ሳላውቅ። ብሎኑ ቀጥ እንዳለ ነው። ሳህኑ ከጭኑ አጥንት ጋር እንደታሠረ ነው። ወፍራሙ ብሎን ብቻ የአጥንቱን ራስ ሰንጥቆ በላይ በኩል ወጥቷል፣ ከብርድ ልብስ ሥር እንደሚወጣ ጣት።

ማኅሌት አላለቀሰችም። አፈሩን በጨርቅ ጠረገች፤ ከቦርሳዋ ትንሽ መለኪያ አውጥታ ርዝመቱንና ውፍረቱን ለካች፤ ቤት ተቀምጦ የኖረውን አሮጌ ራጅ ወደ ፀሐይ አንስታ አየች። እኔ የነፍስ አባታችን አባ ገብረ መስቀል ወደቆሙበት ሄድኩ።

«አባ፣ ብረቱም አብሮ ይቀበር። ገላቸው ሆኗል እኮ።»

አባ አተኩረው አዩኝ። እማማ ከመሞታቸው በፊት ለእሳቸው ተናዘዋል። ምን እንደተናዘዙ አላውቅም።

«የሚነሣው ሥጋ ነው እንጂ ብረት አይነሣም፣ ልጄ» አሉ። «ልጅቷ ከፈለገችው ትውሰደው።»

አፅሙ በነጭ አቡጀዲ ተጠቅልሎ፣ ፍትሐት ተደርጎ በአዲሱ ቦታ ተቀበረ። አረጋ የቆፈሩትን ሰዎች ለማብላት እዚያው ቀረ፤ እኔና ማኅሌት በገብስ ማሳው ሥር ባለው መንገድ ወረድን። ብሎኑ በቦርሳዋ ውስጥ ነበር። እየሄድን ትነግረኛለች፣ ድምፅዋ እንደ አስተማሪ ነው። ብረቱ ደህና ነው። ርዝመቱም ልክ ነው። በራጁ ላይ አገባቡም ጥሩ ይመስላል፤ ግን የቀረን ራጅ ከአንድ ጎን የተነሳው ብቻ ነው፤ ከሌላው ጎን ጠምሞ ሊሆን ይችላል።

«ሌላ ምክንያት አልቀረም» አለች። «ዶክተሩ ናቸው። ዛሬ ለአማካሪዬ እጽፋለሁ።»

የማሳው አጥር ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። የታመምኩ መስሏት ጎንበስ አለች።

«እማማ ሰግደዋል» አልኳት። «ስቅለት ዕለት። የሰገዱትም በኔ ነው።»

ከጎኔ ተቀመጠች። ለማንም ተናግሬው የማላውቀውን እንዲህ ብዬ ነገርኳት።

በዚያ ዓመት ስቅለት ሲደርስ እማማ ከታከሙ ገና ሁለት ወር አልሞላቸውም። አልሰግድም ማለት ለእሳቸው ከስብራቱ ይብስ ነበር። አባ ገብረ መስቀል ቤት ድረስ መጥተው ከለከሏቸው፤ የእሳቸውን አርባ አንድ ስግደት ከራሴ ጨምሬ እኔ እንድሰግድላቸው አዘዙ። «ምራትዎ ትስገድልዎ» አሉ። እማማ በግድ እሺ አሉ።

ጠዋት ከአረጋና ከማኅሌት ጋር ሄድኩ። ብርድ ስለነበር የከሰል ምድጃ አልጋቸው አጠገብ ትቼ ነበር። ስድስት ሰዓት ገደማ፣ የራሴን እየሰገድኩ ሳለ፣ ከሰሉ ትዝ አለኝ። መስኮቱ ዝግ ነው። እማማ ተኝተዋል። በሐሳቤ ሞተው አየኋቸው፤ ከንፈራቸው ጠቁሮ፣ እጃቸው ከአልጋው ወርዶ አየሁት። ለማንም ሳልናገር ከሰዉ መሃል ወጥቼ ሮጥኩ። ስደርስ ምድጃው ከጠፋ ቆይቷል። እማማ ነቅተው ተቀምጠዋል።

ደስታዬ ልክ አልነበረውም። እሳቸው ደግሞ ዓይኔን እያዩ «ሰገድሽልኝ?» አሉኝ። ላስደስታቸው ፈለግሁ። ተመልሼ እሰግደዋለሁ፣ ምን ልዩነት አለው አልኩ።

«ሰግጄልዎታለሁ።»

«አርባ አንዱንም?»

«አርባ አንዱንም።»

«ደግ። አባስ በወይራው ሲጠበጥቡሽ ስንት ጨመሩብሽ?»

«ሃያ» አልኳቸው።

የላስታ ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። በወይራ ቅጠል የሚጠበጠበው፣ ለእያንዳንዱም ተጨማሪ ስግደት የሚታዘዘው፣ ሁሉ ካለቀ በኋላ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። እኔ የተናገርኩት ገና በሰባት ሰዓት ነው። እማማ ቀና ብለው የመስኮቱን ብርሃን አዩ። ከዚያ እኔን አዩኝ። «እግዜር ይስጥልኝ» አሉ። «ሂጂ አሁን። ስግደትሽን ጨርሺ።»

ሄድኩ። በእውነትም ሰገድኩላቸው። አርባ አንዱንም፣ አንድ ሳላጎድል፣ በእሳቸው ስም እየቆጠርኩ። በዚያው ሰዓት እሳቸውም ይሰግዱ ነበር።

ስንመለስ ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ አድርገው ወለሉ ላይ ነበሩ። «ስነሳ ብረቱ ከዳኝ» አሉት ልጃቸውን። ግንባራቸው ላይ አፈር ነበረ። አረጋ ሰው ሊጠራ ሲወጣ በቀሚሴ ጠረግሁት። እማማ ዝም ብለው አስጠረጉኝ። ደሴ አልመለስም ብለው ሐምሌ ላይ እስኪያርፉ ድረስ ለመጣው ሁሉ ብረቱ ነው እያሉ ነገሩት። ስለዚያ ቀን ለእኔ ያሉኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ጀርባቸውን ሳጥባቸው፣ ወደ ግድግዳው እንደዞሩ። «አርባ አንዱንም ራሴ ጨርሻለሁ። አትጨነቂ» አሉኝ።

እኔም በዚያ ቃል ነው የኖርኩት። ሲጨርሱ፣ የመጨረሻው ላይ፣ ሲነሱ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ቀጭ ብሎ ለቀቃቸው ብዬ ነው አሥራ ሁለት ዓመት እንቅልፍ የወሰደኝ።

ማኅሌት እስክጨርስ አላቋረጠችኝም። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። ተነስታ ትሄዳለች፣ መንገድ ትስታለች፣ ገደል ትገባለች ብዬም ነበር። እሷ ግን ቦርሳዋን ከፍታ ደብተር አወጣች።

«ሲነሱ በየትኛው እግር ነበር የሚነሱት?»

አልገባኝም ለማለት አፍሬ ደብተሩን አየሁ።

«ጤነኛ ሳሉ ማለቴ ነው። ስንት ዓመት አብረሻቸው ሰግደሻል። በቀኝ ነው በግራ?»

«በቀኝ» አልኩ። የተሰበረው ቀኙ ነው።

«መጀመሪያ ጉልበት ነው ወይስ እጅ? በእጃቸው ይደገፉ ነበር? ወለሉ አፈር ነበር ያኔ፣ አይደል?» እያንዳንዱን ጻፈችው። ፊደሎቿ ቀጥ ብለው ተሰለፉ። በሕይወቴ ከዚህ በላይ የፈራሁት ነገር የለም።

ቤት ስንደርስ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነበር። የእማማን ክፍል ከፈተችው። ፀሐይዋ ወለሉ ላይ ነበረች። እህሉን ወደ ጥግ ገፋን። በዳሌዬ፣ በጉልበቴና በቁርጭምጭሚቴ ላይ ክብ ክብ ነጭ ወረቀት ለጠፈችብኝና ስልኳን ከጎን በኩል በሰገራ ላይ አቆመችው።

«እንደሳቸው አድርገሽ ስገጂ» አለች። «ቀስ ብለሽ። ክብደቱ የት ላይ እንደሚያርፍ ማየት አለብኝ። ማሽኑን እንደዚያ ላጥፈው ነው።»

ሰገድኩ። ጉልበት፣ እጅ፣ ግንባር። ድጋሚ አለችኝ። የቀኝ እግሬን ዘርጋ አድርጌ፣ እንደታመመ ሰው፣ ድጋሚ። ለእሷ መለኪያ ነው፤ እኔ ግን ያን ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ ከበሩ ውስጥ ሆኜ ሰማሁት፤ የማወጣውም እኔው ነበርኩ። ስንተኛው ላይ እንደሆነ አላስታውስም፣ ግንባሬ የሚያርፍበት ቦታ ሞቆ አገኘሁት። ፀሐይ ነው አልኩ። ቀና ስል ግን ፀሐይዋ ወደ ግድግዳው አልፋ ነበር፤ እኔ የምሰግድበት ጥላ ነው።

«አንድ ጊዜ ብቻ» አለች ማኅሌት። «መጨረሻው ነው።»

ስጨርስ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ላጠችልኝ። የዳሌዬን ስታነሳ እጇ ቆየ። «ለአባዬ የምትነግሪው አንቺ ነሽ» አለችኝ። «እኔ ማሽኑ የሚለውን ብቻ ነው የምናገረው።» በማግሥቱ ሄደች።

ለአረጋ አልነገርኩትም። ውጤቱ ይምጣ አልኩ። እንዲያውም አጥንቱ አርባ አንዱን ችሎ ያልፋል፣ ያኔ ስግደቱም አይደለም ይባላል እያልኩ ማሰብ ጀምሬ ነበር። ከዚያ ደግሞ እንደዚያ ከሆነ ጥፋቱ ወደ ሐምዳን እንደሚመለስ ትዝ ይለኝና ያንንም እፈራለሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከሁለቱ የትኛውን እንደምለምን ሳላውቅ ከረምኩ። እዚያ ሩቅ፣ ማንም በሌለበት ክፍል ውስጥ፣ ማሽኑ በእኔ ልክ ታጥፎ ወርዶ እየተነሳ ነው። ውኃ ስቀዳም፣ ሽንኩርት ስከትፍም ይህን አውቃለሁ።

ሰኔ ሁለተኛው ሳምንት ላይ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናብ እየጣለ ደወለች።

«ውጤቱን ልንገርሽ ወይስ ይቅር?»

«ንገሪኝ።»

አምስት አጥንት ፈትናለች። በአምስቱም ብሎኑ አልተሰበረም፣ አልታጠፈም። የሚሰነጠቀው አጥንቱ ነው። የወጣበት አቅጣጫም ከመቃብር ካወጣነው ጋር አንድ ነው፤ ፎቶዎቹን ጎን ለጎን አድርጋ ለአማካሪዋ አሳይታዋለች። ዶክተር ሐምዳን በትክክል ነው ያስገቡት። ስማቸው አይነሣም። በጽሑፉ ውስጥ የሚገባው፣ እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ወደ ቤት ሲመለስ ስግደት በስሙ ተጠርቶ መከልከል እንዳለበት፣ ለቤተሰቡም ምክንያቱ መነገር እንዳለበት ነው።

«ነግረውናል እኮ» አልኳት። «በስሙ ጠርተው ነግረውናል።»

«አውቃለሁ። እሱንም ጽፌዋለሁ።»

«ስንተኛው ላይ ነው?»

 ዝናቡ ቆርቆሮውን ስለሚመታው መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ።

«ማኅሌት፣ ስንተኛው ላይ?»

«አንዱ አምስተኛው ላይ ነው። አንዱ ዘጠነኛው ላይ። ሦስቱ ሰባተኛው ላይ።»

ግድግዳውን ይዤ ተቀመጥኩ። ሰባት። ከሰባት ወደ አርባ አንድ ስንት እንደሚቀር ለማስላት ያን ያህል ጊዜ አይፈጅም፤ እኔን ግን ፈጀኝ።

«ከሰባተኛው በኋላስ?»

«ከዚያ በኋላ ብሎኑ ከአጥንቱ ወጥቶ የዳሌውን ጉድጓድ ነው የሚቧጥጠው። ማሽኑን አላቆምኩትም፣ እስከ አርባ አንድ ለቀቅሁት። ጨረሰ። ማሽን አያመውም፣ እማዬ።»

ሠላሳ አራት። ያውም እያንዳንዱን ወርደው፣ ግንባራቸውን አስነክተው፣ በዚያው በቀኝ እግራቸው እየተነሱ። እኔ ያኔ ከተራራው ላይ በስማቸው እየቆጠርኩ ነበር። ጎረቤት አልሰማም። ጩኸት ቢኖር ይሰማ ነበር።

ማኅሌት ዶክተር ሐምዳን ዘንድ ደሴ እሄዳለሁ፣ ትመጫለሽ ወይ አለችኝ። እመጣለሁ አልኳት። ስልኩን ሳልዘጋው አረጋ ገባ። ኮቱን ከዝናቡ አራገፈ፣ ጫማውን ደጃፉ ላይ አወለቀ፣ ስልኩን በእጄ አየ።

«ልጅቱ ናት? ምን አለች? ያ ሰውዬ ተገኘበት?»

«ተቀመጥ» አልኩት።

«ደግሞ ዛሬ ማን ሊሞት ነው?» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ፊቴን ደግሞ አየና ሳቁን ሳይጨርሰው ተቀመጠ። እርጥብ ኮቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጠበቀኝ። የእናቱ ዓይን ነው ያለው፤ እስከዚያ ቀን ልብ ብዬው አላውቅም።

ከሰሉን ልንገረው ወይስ ወይራውን፣ ከየት እንደምጀምር አላወቅሁም ነበር። ከሰባተኛው ጀመርኩ።